ለቅሶ የወጣው ቮልስ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ በሥጋ ለሚዛመዱኝ፣ በዓይን ግን ለማላውቅዎ ለአቶ ሉልሰገድ፣ ቶሪኖ

እንደምን ሰነበቱ? ሰነበቱ ያልኩት ለወጉ ነው እንጂ የእርስዎ መሰንበት አርባ ምናምን ዓመት ሆኖታል። እኔ ደህና ነኝ። አያቴ ግደይም ደህና ነው፤ ጉልበቱ፣ ጨጓራውና ሬድዮኑ ግን ደህና አይደሉም። ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ብጠይቀው «ሰላምታውን ታበዣለሽ፣ ጉዳይሽን መጨረሻ ላይ ታስገቢያለሽ» አለኝ። ሽማግሌዎች ጉዳያቸውን ለምን እንደ ሰረቁት ዕቃ እንደሚደብቁት አይገባኝም። እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ ጉዳዬ ይኸውልዎ፦ መኪናዎን ይሽጡልኝ።

ዳናይት እባላለሁ፤ ግደይ የወለደው የሰመረ ልጅ። እርስዎና ግደይ የወንድማማች ልጆች ናችሁ አሉ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ስድስት ኪሎ አንደኛ ዓመት እማራለሁ። ዶሮ ማነቂያ ብንሆን ኖሮ አፌን እየተጉመጠመጥኩ ክፍል እደርስ ነበር። ሰፈራችን አምና ተነሥቶ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገባን። ከአራብሳ ስድስት ኪሎ ማለት አንድ የታክሲ ሰልፍ፣ ሌላ የታክሲ ሰልፍ፣ በመሀል አንድ ጸብ ማለት ነው። የጠዋቱ መምህራችን «በዚህ ማርፈድሽ ከቀጠልሽ ሰኔ ላይ ማጠቃለያ ፈተና አትቀመጪም» ብሎኛል። የነገረኝ ፈገግ ብሎ ነው፤ እሱ ደግሞ ፈገግ የሚለው ሊጥል ሲል ብቻ ነው።

አትክልት ተራ ጀርባ፣ በሰላሀዲን ጋራዥ፣ ሸራ ለብሶ የቆመ ክሬም ቮልስ አለ። ሰላሀዲንን «የማን ነው?» ስለው «የሉልሰገድ። አባቴ አደራ ተቀብሎ ለእኔ አወረሰኝ፤ ለምን እንደማይነዳ ግን ሳይነግረኝ ሞተ» አለኝ። መንጃ ፈቃድ ክረምት ላይ አውጥቻለሁ። የሚቀረኝ የእርስዎ እሺታ ነው።

አድራሻዎን የነገረኝ አያቴ ነው። ሊነግረኝ ሲል የተዘጋውን መስኮት ሄዶ እንደገና ዘጋው። «ሰላም ብሎዎታል ብዬ ልጻፍ?» ስለው «ወየውልሽ!» አለኝ። እንግዲህ ሰላም አላለዎትም።

መልስዎን በእሱ ፖስታ ሣጥን ይላኩልኝ፤ ወይም ፖስታው ጀርባ ላይ በጻፍኩት ስልክ ይደውሉልኝ።

ዳናይት


ቶሪኖ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳናይት ሰመረ፤

መንገድሽን የሚያቀና፣ ከክፉ ዓይን የሚሰውር አምላክ አይለይሽ። የአያትሽንም ጉልበት ያጽናለት፤ ለሬድዮኑ ግን የምጸልየው የለኝም።

ከአገሬ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ያንቺ የመጀመሪያው ነው። ከካርቱም ጻፍኩ፤ ከዚህም ጻፍኩ። ለእናቴ ለዘውዲ፣ በአንድ አጥር ግቢ አብረውኝ ላደጉት ለግደይ፣ ለእንቁና ለተክላይ። አንዳቸውም «አለህ ወይ?» አላሉኝም። እናቴ ማረፏን እንኳ የሰማሁት ከመንገደኛ ነው።

ቮልሱ ያንቺ ይሁን። አልሸጥልሽም፤ እሰጥሻለሁ። በምትኩ ከሦስቱ ሰላምታ ላኪልኝ፤ ከየአፋቸው የወጣውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ። ስሙን ለማዞር ውክልና ያስፈልግሻል። ልፈርም ቆንስላ ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ የትውልድ ዘመኔን አየች፣ ፊቴን አየች፣ መልሳ ወረቀቱን አየችና «ባለጉዳዩ ራሳቸው ይምጡ» አለችኝ። ምክንያቱን ስንላመድ እነግርሻለሁ።

የስልክ ቁጥርሽን አይቻለሁ። ስልክ ግን አልይዝም። የዛሬ ስልክ ጣቴን አያውቀውም፤ ብነካው ብነካው ዝም ይላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በኅዳር ሚካኤል ዕለት ረፋዱ ላይ ትራም ስጠብቅ ብዙ እጆች ጀርባዬን ገፉኝ። ዞር ስል ፌርማታው ባዶ ነው። ሴቶች ሲያለቅሱም ሰማሁ፤ ዜማው የዚህ አገር አልነበረም። ቮልሱን ገፍታችሁት ነበር ወይ? ከሆነ ሁለተኛ አትግፉት። በሞተሩ ይነሣ።

ሩቅ ያለው ዘመድሽ ሉልሰገድ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሉልሰገድ፣ ከነትራምዎ ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤

ማን ነው ያሳበቀብኝ? ሰላሀዲን «ወላሂ እኔ አይደለሁም» ይላል። አዎ፣ ገፍተነዋል። ካርቡራተሩን አጠበ፣ ጎማ ቀየረ፣ ማርሚታውን በሽቦ አሰረ፤ ባትሪው ግን እምቢ አለ። ሽንኩርት የሚያወርዱ ልጆች ጠርተን ከኋላ ገፉት፤ እኔ መሪ ያዝኩ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው። መንገድ ዳር ቲማቲም የሚመርጡ አሮጊቶች ነበሩ። ቮልሱ ድምፅ ሳያሰማ ሲያልፍ አንዷ ቀና አሉ። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ሌሎቹም ተከተሉ። አንዱ ልጅ «ማን ሞቶ ነው?» ሲል «ዝም በል! ሬሳ ሲያልፍ አይወራም» አሉት። ሬሳው እንግዲህ እኔ መሆኔ ነው፤ ማስቲካ እያኘኩ። ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቁ አልመጣልኝም። ፍሪሲዮኑን ስለቀው ሞተሩ ተንኳኳና ተነሣ። ያኔ አሮጊቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ቲማቲማቸው ተመለሱ። ለምን እንዳለቀሱ ብጠይቃቸው «ማ? እኛ?» አሉኝ።

ፒያሳ ስደርስ ትራፊክ አስቆመኝ። ምርመራ የለ፣ ቦሎ የለ። «ባለቤቱ ይቅረብ!» አለና ወደ ጋራዥ መለሰኝ። ያለ ውክልና ከዚያ ፈቀቅ አልልም።

ሰላምታዎን አድርሼ የእነሱን ልቀበል ዞርኩ። እማማ እንቁ ኬክ ቤት ተቀምጠው ነበር፤ ስኳር አለብኝ እያሉ ሁለተኛውን ኬክ ጀምረዋል። «ሉልሰገድ ሰላም ብለዎታል» ስላቸው ሹካው ከእጃቸው ወደቀ። አማተቡና «ይህን ስም በቀን አትጥሪ» አሉኝ። «በማታስ?» ብላቸው ከዘራ አነሡብኝ። አባባ ተክላይ ጆሮዬ አይሰማም አሉ። «ማኪያቶ ልጋብዝዎ?» ስላቸው ግን ሰሙ። አያቴ ደግሞ ስምዎን ሲሰማ ሬድዮኑን አስጠጋና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሬድዮኑ እኮ አይሠራም።

ፎቶ ይላኩልኝ። ፊትዎን ሲያዩ ይለሰልሱ ይሆናል።

ዳናይት


ቶሪኖ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዳናይት፤

የጨለመው ሁሉ ይብራልሽ። ፎቶ ልኬልሻለሁ። ባለፈው እሑድ በወንዙ ዳር የተነሣሁት ነው። አትቸኩዪ፤ ደጋግመሽ እዪው።

ጫማዬን የገዛሁት እዚህ በመጣሁ ዓመት ነው፤ ሶሉ ዛሬም አዲስ ነው። ጸጉር አስተካካዬ ሞተ፤ ልጁ ተካው፤ ለልጁም የሚቆረጥ ጸጉር ይዤለት አልሄድኩም። አንድ ሰው በር ዘግቶብኝ የሄደ ይመስለኛል። በሩ ደግሞ እዚህ አይደለም፤ እዚያ ነው።

ሰላምታው ለጊዜው ይቆይ። አሁን የምለምንሽ ወሬ ነው። በ1970 ከወጣሁ በኋላ ምን አደረጉ? እንቁን ጠይቂያት። ከልጅነቷ ጀምሮ ምሥጢር ሆዷን ይነፋታል።

ሉልሰገድ


አዲስ አበባ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሉልሰገድ ልበልዎ ወይስ ወንድም ሉሌ?

እግዜር ጤና ይስጥዎ፤ ጤና እንኳ የተረፈዎ ይመስላል። ፎቶውን እንዳየሁ ሳቅ ገደለኝ። ጥቁር ጸጉር፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ! ሽማግሌ ሰው የጎረምሳነት ፎቶውን «ባለፈው እሑድ» ብሎ ሲልክ ሼም የለውም እንዴ? አልኩ። የአባቴ ጓደኞችም ፌስቡክ ላይ እንዲሁ ናቸው፤ ጸጉር የነበራቸው ጊዜ ላይ ቆመዋል።

ከዚያ ከኋላዎ ያለችውን ልጅ አየኋት። በኤሌክትሪክ ስኩተር ላይ ቆማ በስልኳ ራሷን ታነሣለች።

ፎቶውን በደረቱ ደፋሁት። ያን ቀን መብራት ሳላጠፋ አደርኩ። አያቴ ቆጣሪው ቆጠረ ብሎ ጮኸ፤ ስለ እርስዎ ግን ትንፍሽ አላለም።

ለእማማ እንቁ ኬክ ቤት ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን ቤት ረስተውታል፤ ያለ መነጽር አወቁዎ። «ልክ እንደ ያኔው» አሉና ሆዳቸው የያዘውን ዘረገፉት።

በ1970 ተገደሉ የሚል ወሬ መጣ። አስከሬን የለም። እናትዎ እማማ ዘውዲ ተነሡና «በአገራችን የሟች ፈረስ ልብሱ ተጭኖበት በለቀስተኛው መሀል ይመራል። ልጄ ፈረስ የለውም፤ መኪና ግን አለው» አሉ። ኮትዎን መቀመጫው ላይ አኖሩ፣ ባርኔጣዎን መሪው ላይ ሰቀሉ። ሞተሩ ለቅሶውን እንዳይረብሽ አያቴና አባባ ተክላይ ከኋላ ሆነው ገፉት። እማማ እንቁ ከፊት እየሄዱ ሙሾ አወረዱ። ድንኳኑን ዞሩት። ተዝካሩም ወጣ። ዓመታት አልፈው ደብዳቤዎ ከካርቱም ደረሰ።

«ታዲያ ምነው ዘጋችሁት?» አልኳቸው።

«እማማ ዘውዲ ናቸው የከለከሉን። ደብዳቤውን ሳሙት፣ ጉንጫቸው ላይ አሻሹት፣ ከዚያ ‹ሞት ለቅሶውን ሰምቶ ልጄን የወሰደው መስሎታል። እናንተ ያለቀሳችሁለት ሰላም ካላችሁት አለመውሰዱ ትዝ ይለዋል› አሉን። እሳቸውም እስኪሞቱ ስሙን አልጠሩትም።»

«እንዲኖር ብላችሁ ነው?»

«ኖረ አይደለም እንዴ? እዪው እስቲ፣ አንድ ሽበት የለው!»

ይህን ብለው ኬካቸውን መብላት ቀጠሉ። እኔ ፎቶውን መልሼ በደረቱ ደፋሁት።

ዳናይት


ቶሪኖ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዳናይት፤

እውነቱን ስለነገርሽኝ ዕድሜሽ ይባረክ፤ ዕድሜ ስልሽም የሚያረጅ ዕድሜ ማለቴ ነው።

ሰው ሞቶ ይለቀስለታል። እኔ ተለቅሶልኝ ሞት ቀረኝ። የእናቴን ፍቅር አልወቅስም። ያደረገችው እንዳታጣኝ ብላ ነው፤ አጣችኝ እንጂ።

እዚህ ሚስት ነበረችኝ። አብረን ጀመርን፤ እሷ ቀደመችኝ። በኋላ በኋላ ለሰው «ልጄ ነው» ትለኝ ነበር። ቤት ስንገባ ደግሞ መብራት አጥፍታ ነበር የምታወራኝ፤ ፊቴን ላለማየት። የሞተች ለታ ጎረቤቶቿ «እናትህን ነፍስ ይማር» አሉኝ። እኔም «አሜን» አልኩ።

ያንቺ ሰላምታ ለምን እንዳልነካኝ አሁን ገባኝ፤ አንቺ አላለቀስሽልኝም። ያለቀሱልኝ ሦስቱ ናቸው የቀሩት። እርጅናዬን ላኪልኝ፣ ልጄ። ፊቴ ከዓመቴ ጋር ካልታረቀ ጸሐፊዋ አታስፈርመኝም፤ አንቺም ቮልሱን ይዘሽ ትምህርትሽ አትደርሽም። እንግዲህ የሁለታችንም ጉዳይ በሦስት ሽማግሌ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሉልሰገድ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሉልሰገድ፤

ይህ ሲደርስዎ የት እንደሚያገኝዎ አላውቅም። ባሉበት ያቁምዎ።

ደብዳቤዎን ለእማማ እንቁና ለአባባ ተክላይ አነበብኩላቸው። ሰላሀዲን ጋራዥ፣ ቮልሱ ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ ሁለቱ ከኋላ፣ እኔ መሪው ላይ። መብራት የምታጠፋው ሚስትዎ ጋ ስደርስ እማማ እንቁ አስቆሙኝ።

«በጨለማ? በጨለማ ነው የምታነጋግረው?»

«እንዲያ ነው የጻፉት።»

«እኛ መልካም ያደረግንለት መስሎኝ!» አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ «ጻፊ» አሉኝ። የተናገሩት ይኸው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፦ «ሉሌ፣ እንዴት ከረምክ? እኔ እንቁ ነኝ። ወፍሬያለሁ።»

አባባ ተክላይ ጆሮአቸው እንደገና ጠፋ። እማማ እንቁ በክርናቸው ሲጎሽሟቸው ተመለሰላቸው። «ያኔ በዶሚኖ እየመራሁ ሳለ ነው ጥሎኝ የጠፋው። እንዴት ነህ፣ አንተ ቀጣፊ? በዪው» አሉ። ከዚያ ሁለቱም በአንዴ ወደ ኋላ መስኮቱ ዞሩ። ጋራዡ ውስጥ ነፋስ የለም፤ ጣሪያው ላይ የሰበሰብነው ሸራ ግን ተገልጦ ወደቀ። «አይጥ ነው» አለ ሰላሀዲን፤ ራሱ ግን ወደ ውጭ ወጣ።

አያቴ እምቢ አለ። «የምትጽፊውን ጻፊ፤ እኔን ተይኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ትናንትም አረፈድኩ። መምህሩ አሁን በየቀኑ ነው ፈገግ የሚለው። ግን አንድ ነገር እውነቱን ይንገሩኝ፦ ሰላምታው ይጎዳዎታል እንዴ? ከጎዳዎ ይህን ደብዳቤ ማንበብ ያቁሙ። ይቅርታ፣ ይህን መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ።

ዳናይት


ቶሪኖ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዳናይት፤

በረከት እንደ ሽበት ይውረድብሽ! ጽሑፌ ቢንጋደድብሽ ይቅር በዪኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ተመስገን።

የእንቁን ቃል አንብቤ ተኛሁ። ስነሣ ትራሱ ላይ ነጭ ጸጉር አገኘሁ፤ የማን ነው ብዬ ክፍሉን ሁሉ ፈተሽኩ። የተክላይ «ቀጣፊ» ደግሞ ጉልበቴ ላይ ዐረፈ። ደረጃ ስወርድ እግዚኦ እላለሁ፤ እንዲህ ብሎ መጮህ እንዴት ደስ እንደሚል አታውቂም። ዳቦ ስገምጥ አንድ ጥርሴ እዚያው ቀረ። ትራም ላይ አንዲት ወጣት ተነሥታ መቀመጫ ለቀቀችልኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ልጅቱ ደነገጠች።

ጸሐፊዋ «አባት፣ ልጅዎ ባለፈው መጥቶ ነበር» አለችኝና አስፈረመችኝ። ውክልናው በዚሁ ፖስታ ውስጥ አለልሽ። ቮልሱ ያንቺ ነው፤ ከእንግዲህ ለእኔ ዕዳ የለብሽም።

ስለ ጉዳቱ ለጠየቅሽኝ፦ አንድ ሰላምታ ቀርቶኛል። ከእሱ ወዲያ ብዕር የምይዝ አይመስለኝም። አልፈራም፤ ቀኑን ያለፈ እንግዳ ነኝ። ግደይን ግን አላስገድደውም። ብትፈልጊ ንገሪው፤ ባትፈልጊ ዝም በይ።

ሉልሰገድ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሉልሰገድ፤

ይህን ደብዳቤ ሰላምታ ሳላስገባ የጀመርኩት ረስቼ አይደለም።

ስሙ ዞረ፣ ምርመራ አለፈ፣ ቦሎው ተለጠፈ። ይኸው ከግንቦት ልደታ ወዲህ በየጠዋቱ ከአራብሳ ስድስት ኪሎ በቮልስ እመላለሳለሁ። ዳገቱ ላይ አህያ ይቀድመኛል፤ ክፍል ግን መምህሩን እቀድመዋለሁ። ፈገግታው ጠፍቷል፤ ሰኔ ላይ እፈተናለሁ።

የመጨረሻ ደብዳቤዎን ከአያቴ ደበቅኩት። መኪናውን አግኝቻለሁ፤ ዝም ማለት ቀላል ነበር። በዚያ ላይ የመጨረሻዋን ሰላምታ የማደርሰው እኔ ነኝ። የምቀልድበት ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ግን አያቴ ከዘራውን ይዞ ከአራተኛ ፎቅ ወረደና ቮልሱ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠ። ሞተሩን አስነሥቼ ሄድን። መገናኛን ካለፍን በኋላ «ጻፈ?» አለኝ።

«ጻፉ።»

«ምን ሆነ?»

«አረጁ።»

ሳቀ። አያቴ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ትከሻው ሁሉ ይስቅ ነበር። ከዚያ ያው ሳቅ ለቅሶ ሆነ፤ የቱ ጋ እንደተቀየረ አላየሁም። ወደ ፒያሳ ንጂ አለኝ፤ ነዳሁ። ዶሮ ማነቂያ የነበረበት ጋ አስቆመኝ። አሁን ሣርና የመብራት እንጨት ነው። ድንኳኑ የት እንደነበር በከዘራው ሊያሳየኝ ሞከረ፤ ሦስት ቦታ አሳየኝና ተወው።

«ዝም ያልኩት እንዲኖር ብዬ ነበር» አለኝ። «እሱ ግን አልኖረም፤ ቆየ እንጂ። እኔም ብቻዬን አረጀሁ።»

«አያቴ፣ ሰላም ካልካቸው እኮ...»

«አውቃለሁ። እናንተ ልጆች ሰላም ማለት ቀላል ይመስላችኋል። እስክሪብቶሽን አምጪ።»

ክፍል አልገባሁም። ወረቀቱን ኮፈኖው ላይ ዘርግቼ እጽፋለሁ፤ እሱ ተራውን እየጠበቀ ነው። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ጽሑፍ ነው። እኔ ሳላነበው አጥፌ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ።

ዳናይት

ሉሌ ወንድሜ፤ ሰላም ላንተ ይሁን። እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ግደይ ነኝ።